ከዘጌ እስከ ጮቄ፦ ሞስን በጥብቅ ቦታ ውስጥ እንዴት እናጠናለን?

ጫካ ገብቶ የሚወጣ ሰው ዛፉን ይቆጥራል፣ ወፉን ይቆጥራል፣ ጦጣውን ፎቶ ያነሣል። ሞስ የሚባለውን ደቃቅ ተክል ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ድንጋዩ ላይ፣ ግንዱ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ካብ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ተለጥፎ እያለ ረግጠነው እናልፋለን። ባዮሎጂ የተማሩ ልጆች እንኳ ስለሱ የሚያስታውሱት አንድ ሁለት የፈተና ጥያቄ ነው።

ይህን የምጽፈው ጎጃም ውስጥ ሞስ ማጥናት ለሚፈልግ ሰው ነው። የመመረቂያ ርዕስ የጠፋበት ተማሪ፣ የጥብቅ ቦታ ባለሙያ፣ ወይም ልጆቹን ከክፍል ማስወጣት የሚወድ መምህር ሊሆን ይችላል። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጉልበት ግን ያስፈልጋል፤ ብዙውን ሰዓት የምታሳልፉት ተንበርክካችሁ ነውና።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የሞስ አገሩ ስንዝር ነው። አንድ ዋንዛ ሥር የሚኖረው ዝርያ እዚያው ዋንዛ ላይ ደረት ከፍታ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ ቅርንጫፉ ላይ ደግሞ ሌላ ይኖራል። ስለዚህ «ዘጌ ውስጥ አገኘሁት» ብቻ ብሎ መጻፍ ብዙም አይጠቅምም። ምን ላይ? በየትኛው ጎን? ከመሬት ስንት ሜትር? ጥላ ነው ፀሐይ? ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እነዚህን ጥያቄዎች ሳይዘነጉ መመለስ ነው።

1. መጀመሪያ ሞስን ከዘመዶቹና ከመሳዮቹ ለዩ

ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም። ራይዞይድ የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ ዋና ሥራቸው መያዝ ነው። ውኃ የሚያገኘው ከላይ ነው፤ ዝናቡን፣ ጉሙንና ጤዛውን በቅጠሉ ይጠጣል። ቅጠሉ በአብዛኛው የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ስላለው ቶሎ ይረጥባል፣ ቶሎም ይደርቃል። በበጋ ጥቅልል ብሎ የሞተ ይመስላል። ውኃ እርጩበትና ጠብቁ፤ ብዙዎቹ ደቂቃ ሳይቆዩ ቅጠላቸውን ይዘረጋሉ። ይህን አንድ ጊዜ ለልጆች ብታሳዩ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲረጩ ነው የሚውሉት።

አሁን መሳዮቹ። በየአካባቢው የድንጋይ ሽበት ወይም የዛፍ ሽበት የሚባለው ነገር ውስጥ ሞስም ላይከንም ተደባልቆ ይገባል። አስታና ኮሶ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው ግራጫ ነገር በአብዛኛው ኡስኒያ የሚባል ላይከን ነው። ላይከን ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ፍጡር ነው፤ በሌንስ ስታዩት ግንድና ቅጠል የለውም። ሞስ ግን ምንም ቢያንስ ትንንሽ ቅጠሎች በግንድ ዙሪያ ተደርድረው ታያላችሁ። ድንጋይ ላይ የሚያዳልጠው አረንጓዴ ዝቃጭ አልጌ ነው፤ እሱን ተዉት።

ሊቨርወርት የሞስ የቅርብ ዘመድ ነው። አንዳንዱ መሬት ላይ ተኝቶ ጠፍጣፋ ነው፤ በጅረት ዳርና በእርጥብ ግድግዳ ላይ የሚገኘው ማርካንሺያ የዚህ ዓይነት ነው። ሌላው ቅጠል ስላለው ሞስ ይመስላል። ሲጠራጠሩ ቅጠሉን ማየት ነው። የሊቨርወርት ቅጠል የመሀል ጅማት የለውም፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ረድፍ ይደረደራል፣ ጫፉም ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሊከፈል ይችላል። ሦስተኛው ዘመድ ሆርንወርት ነው፤ ከጠፍጣፋው አካሉ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ያወጣል።

በዓለም ላይ ወደ 12,000 የሚሆኑ የሞስ ዝርያዎች፣ ወደ 7,000 ሊቨርወርትና 200 ገደማ ሆርንወርት እንዳሉ ይገመታል። ለመጀመሪያ ሥራ ሞስን ብቻ ውሰዱ። ሦስቱንም እንይዛለን ካላችሁ ግን ቅጹ ላይ ለየብቻ መዝግቡ።

2. ጥያቄውን አጥብቡ

«የጎጃም ሞሶች» የሚል ርዕስ ዕድሜ ልክ አያልቅም። አንድ ቦታና አንድ ጥያቄ ይበቃል።

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ዘጌን ነው። ጣና ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. (በ2015 እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ) ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዘጌም እዚያ ውስጥ ናት። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሬቱ አይታረስም፣ ከብት አይገባም ተብሎ ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል። ስለዚህ ትልልቅ ዛፍና ከሥሩ ቡና አሁንም አለ። ከባሕር ዳር በጀልባም በመኪናም ይደረሳል። ጥያቄው ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ከሐይቁ ዳር ወደ ላይ ስንወጣ ሞሱ እንዴት ይለወጣል? ቡና የሚለቀምበት ቦታና ገዳሙ አጠገብ ያለው ያልተነካ ደን አንድ ዓይነት ሞስ አላቸው?

ጉልበት ያለው ጮቄን ይሞክር። የጣና ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ካሰብን፣ ከሐይቁ እስከ ተራራው ጫፍ 13 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ ማለት ነው። ከታች የገብስና የድንች ማሳ፣ ቀርቀሃ፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ ጓሳና ጅባራ። በሞቃታማው የዓለም ክፍል ባሉ ተራሮች ላይ ዛፍ ላይ የሚኖር ሞስ በብዛት የሚገኘው አናቱ ላይ ሳይሆን ጉም በሚያዘወትረው የመካከለኛና የላይኛው ደን ነው። ችግሩ ጮቄ ላይ ደኑ ራሱ ብዙ ቦታ አልቋል። ታዲያ ያ ሞስ የት ሄደ? በየገደሉና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሸሽጎ ይሆን? ይኼ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ማንም ቢወስደው ደስ ይለኛል።

መሀል ላይ ያለ ነገር የሚፈልግ እንጅባራ አጠገብ ወዳለው ዘንገና ሐይቅ ይሂድ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ስለሆነ ከጠርዙ እስከ ውኃው ያለው ርቀት አጭር ነው። አካባቢው የአዊ ስለሆነ አገውኛ የሚችል ሰው ከቡድናችሁ ቢኖር ብዙ ያግዛል።

3. ጊዜ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ተመራጭ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሞሱ ግን ገና አልደረቀም፤ መንገዱም ጭቃ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ሞሱ ያምራል፣ የለቀማችሁት ግን አይደርቅም። በየካቲትና በመጋቢት ሁሉም ነገር ቡናማ ስለሚሆን ዓይናችሁ ይስታል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። በማሳ ዳርና በባዶ መሬት ላይ ክረምት ወጥተው በበጋ የሚጠፉ ዕድሜ አጭር ሞሶች አሉ። እነሱን ከፈለጋችሁ ጳጉሜን ሳታልፉ አንድ ዙር ማየት ግድ ነው።

4. ፈቃድ

ይህን የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ ኋላ ጣጣው አያልቅም። ከዩኒቨርሲቲያችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ ያዙ። የባሕር ዳር፣ የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ ናቸው። ጥብቅ ቦታውን የሚያስተዳድረው ቢሮ፣ ወረዳው፣ ቀበሌው፣ ሁሉም ይወቁ። ናሙና ወደ ውጭ አገር መላክ ካሰባችሁ ደግሞ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ስላለ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ውጭ አንዲት ፓኬት አትንቀሳቀስም። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከዚያው አካባቢ ሰው አጣሩ።

የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ ደብዳቤው ብቻውን አይበቃም። ቅዳሴ ሲያልቅ ጠብቁ፣ ጫማ ማውለቅ ካለበት አውልቁ፣ ተሳለሙ፣ ከዚያ አስተዳዳሪውን አናግሩ። «አባታችን፣ ድንጋዩና ዛፉ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ልናጠና ነው የመጣነው። ዛፍ አንቆርጥም። የምንወስደው የጣት ያህል ነው» ማለት በቂ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ «መድኃኒት ነው እንዴ?» የሚለውን ነው። አይደለም በሉ፤ ያልሆነ ተስፋ አትስጡ። ጣና ላይ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት አሉ፤ የቡድኑን ሥራ ስታከፋፍሉ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመቃብር ድንጋይና የጸበል ቦታ ላይ ያለውን ፎቶ አንሡ እንጂ አትንኩ።

ከቀበሌው አንድ መንገድ መሪ ቅጠሩ፣ ሒሳቡንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዕድሜያቸው የገፋ ከሆነ «አያ» እያላችሁ ነው። የዛፉን ስም፣ ምንጩ የሚደርቅበትን ወር፣ እሳት የነካውን ቦታ ከእሳቸው በላይ የሚነግራችሁ የለም።

5. ዕቃ

10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ ዋናው ነው። 20 ጊዜ የሚያጎላ ቢጨመር ጥሩ፣ ባይኖርም ግድ የለም። ሌንሱን ዓይናችሁ ላይ አስጠጉና ሞሱን ወደ ሌንሱ አምጡት፤ ሌንሱን ሞሱ ላይ ይዞ ከሩቅ ማየት ለምንም አይሆንም። ከዚያ ትንሽ ካራ፣ ውኃ መርጫ ጠርሙስ፣ ሜትር፣ ኮምፓስ፣ እርሳስ፣ ደብተር፣ ጂፒኤስ ያለው ስልክና ፓወር ባንክ። ብዕር ሲረጥብ ስለሚለቅ እርሳስ ይሻላል። ከሽቦ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሠርታችሁ ያዙ፤ ኳድራት የሚባለው ይኸው ነው።

ፌስታል አትጠቀሙ። ሞስ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። በወረቀት ነው የሚያዘው፣ አስተጣጠፉም እንዲህ ነው። ኤ4 ወረቀት በቁመቱ ፊታችሁ አድርጉ። የታችኛውን ጠርዝ ወደ ላይ እጠፉት፤ ከላይ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ክፍት ይቅር። ግራና ቀኙን ሦስት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ እጠፉ። በመጨረሻ ክፍት የቀረውን ወደ ፊት እንደ ክዳን አውርዱት። 15 በ10 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ማጣበቂያ የማይፈልግ ፓኬት ወጣላችሁ። ጽሑፉ ክዳኑ ላይ ይሰፍራል። ማታ ማታ ቡና እየተጠጣ ብዙ አጥፎ ማስቀመጥ ነው፤ ጫካ ውስጥ እጃችሁ ጭቃ ሆኖ ማጠፍ አይሆንላችሁም።

6. የት እንቁም?

ሁለት ነገር አንድ ላይ ያስፈልጋል። አንደኛው መስመር ነው፣ ሁለተኛው በመስመሩ ላይ ያለው ትንንሽ መኖሪያ።

መስመሩ ቀላል ነው። ጮቄ ላይ ከ2,600 እስከ 4,000 ሜትር በየ200 ሜትሩ ብትቆሙ ስምንት ከፍታ ይሆናል፤ በየከፍታው ሦስት ሦስት ፕሎት (ለክታችሁ የምትከልሉት የጥናት ቦታ) ብታደርጉ 24 ነው። ዘጌ ላይ የከፍታው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ከሐይቁ ዳር ያለውን ርቀት ተጠቀሙ። ፕሎቱ 10 በ10 ሜትር ይሁን። ደስ ያላችሁን ቦታ አትምረጡ። ሰው በተፈጥሮው ሞስ የሞላበት ድንጋይ አጠገብ መቆም ይወዳል፤ ውጤቱ ያን ጊዜ ውሸት ይሆናል። ቁጥሩን ከቤት ወስናችሁ ሂዱ፣ ጂፒኤሱ ያደረሳችሁ ቦታ ላይ ቁሙ። ገደል ከሆነ ግን ለነፍሳችሁ ስትሉ ፈቀቅ በሉ፣ ፈቀቅ ማለታችሁንም ጻፉ። የስልክ ጂፒኤስ ከፍታን ሲናገር በአሥር ሜትሮች ሊስት ስለሚችል ቆም ብላችሁ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ።

ከባዱና ጣፋጩ ሥራ ፕሎቱ ውስጥ ነው። ያገኛችሁትን የመኖሪያ ዓይነት ሁሉ ለየብቻ እዩ፦ ባዶ አፈር፣ ድንጋይ፣ የበሰበሰ ግንድ፣ የዛፍ ሥር እስከ ግማሽ ሜትር፣ ግንዱ በ1.3 ሜትር ከፍታ፣ የወደቀ ቅርንጫፍ፣ ካብ፣ የጅረት ዳር። ዛፍ መውጣት አያስፈልግም፤ ንፋስ የጣለው ቅርንጫፍ የላይኛውን ዓለም ይነግራችኋል። በየዓይነቱ ኳድራቱን አስቀምጡና እያንዳንዱ ሞስ ስንት በመቶ እንደሸፈነ ገምቱ። ከ1 በታች፣ ከ1 እስከ 5፣ ከ5 እስከ 25፣ ከ25 እስከ 50፣ ከ50 እስከ 75፣ ከ75 በላይ ብሎ በስድስት መክፈል ይበቃል። ሁለት ሰው ለየብቻ ገምቶ ቢያስተያይ ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል። ኳድራቱን ስትጨርሱ ፕሎቱን ዞር ዞር እያላችሁ ያመለጠ ካለ ፈልጉ፤ ብርቅ የሆኑት ብዙ ጊዜ ኳድራት ውስጥ አይወድቁም።

የዛፉን ዓይነት አትርሱ። ሻካራና ውኃ የሚይዝ ልጥ ያለው ዛፍ ሞስ ይወዳል። ባሕር ዛፍ ልጡን እየላጠ ስለሚጥል ሞስ ለመደላደል ጊዜ አያገኝም። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ባሕር ዛፍ የሌለበት የት አለ? ከጥብቁ ደን ጎን ያለውን የባሕር ዛፍ መሬት፣ አዊ ከሆናችሁም የዲከረንሱን (ለከሰል የሚተከለውን የግራር ዓይነት) ማሳ፣ ለንጽጽር ሁለት ሦስት ፕሎት ጨምሩበት። ጥበቃው ምን እንዳተረፈ ከዚህ በላይ በግልጽ የሚያሳይ ነገር የለም።

ድንጋዩም ይለያያል። ጮቄና የጣና ዙሪያ በአብዛኛው ባዛልት ነው። ወደ ደጀን ወርዳችሁ የዓባይ በረሃ ውስጥ ስትገቡ ግን የኖራ ድንጋይ ታገኛላችሁ፣ ኖራ የሚወዱ ሞሶችም ሌሎች ናቸው። በኖራ የተገነባ አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ባዛልት አገር መካከል ቆሞ የኖራ ወዳጆችን ሊያስጠልል ይችላል። ስለዚህ ግንቡንና ከጎኑ ያለውን ተራ ካብ አንድ ላይ አትመዝግቡ።

አሁን ስለ ጎን። «ሞስ በሰሜን ጎን ይበቅላል» የሚለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ የሌላ አገር ሕግ ነው። ጎጃም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 እና 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከሚያዝያ አጋማሽ ገደማ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ያለችው በሰሜን በኩል ነው። በቀሪው ጊዜ በደቡብ ትሆናለች። በዚያ ላይ ዝናብ የሚያመጣው ነፋስ፣ የሸለቆው አቀማመጥ፣ የጎረቤት ዛፍ ጥላ አለ። ስለዚህ አስቀድማችሁ አትወስኑ። ኮምፓስ አውጡና በአራቱም ጎን ኳድራት አስቀምጡ፤ የትኛው ጎን እንደሚበልጥ ቁጥሩ ይናገር።

7. መልቀም

መጀመሪያ ፎቶ። አንድ ከሩቅ፣ ዛፉ ሙሉ ሆኖ፤ አንድ ከቅርብ፣ ሜትሩ ከጎኑ ተቀምጦ። ከዚያ ጻፉ። ካራው የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሞሱ አንዴ ከተላጠ በኋላ የትኛው ጎን እንደነበረ ማንም አያስታውስም።

የሚወሰደው የሁለት ጣት ስፋት ያህል ነው። ያለው ሞስ ራሱ ከዚያ ካልበለጠ አትንኩት፣ ፎቶው ይበቃል፤ ተልጦ የተወሰደ ሞስ ቦታውን እስኪሸፍን ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። የስፖር (የሚራባበት ብናኝ) ከረጢት ያለውን ምረጡ። ቀጭን ዘንግ ላይ ቆሞ ጫፉ ላይ እንደ ትንሽ ማሰሮ የሚታየው ማለት ነው፤ አንዳንድ ዝርያ ያለሱ አይለይም። አፈሩን አራግፉ፣ ውኃውን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጨምቁ፣ ፓኬቱ ውስጥ ክተቱ። ሁለት ዓይነት ሞስ ተጠላልፎ ከወጣ በግድ አትለዩት፣ «ድብልቅ» ብላችሁ ጻፉና ለቤት አቆዩት።

ፓኬቱ ላይ የሚጻፈው ይህን ይመስላል፦ «ቁ. 017። ዘጌ፣ ከሐይቁ 300 ሜትር ገደማ። ከፍታ 1,850 ሜ.። ዋንዛ፣ ግንድ፣ ከመሬት 1.3 ሜ.፣ ምሥራቅ ጎን። ግማሽ ጥላ፣ ከሥሩ ቡና። ጥቅምት 12።» በዚህ ላይ ዓመተ ምሕረቱ፣ የጂፒኤሱ ቁጥርና የለቃሚው ስም ይጨመራል። ያው ቁጥር 017 ደብተሩም ላይ፣ የፎቶው ስምም ላይ ይደገም። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ቁጥር የሌለው ፓኬት ግን ቆሻሻ ነው።

8. ማድረቅ

የዚህ ሥራ ትልቁ በረከት ሞስ ማስቸገር አለማወቁ ነው። ፎርማሊን አይፈልግ፣ ከባድ መጫኛ አይፈልግ። ፓኬቶቹን ከፈት አድርጋችሁ ንፋስ በሚያገኝ ጥላ ቦታ ደርድሩ። አንድ ሁለት ቀን በአብዛኛው ይበቃል። ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ ምድጃ አጠገብም አታድርጉ። ጮቄ ሥር ያደራችሁ ጊዜ እርጥበቱ ስለሚያስቸግር ጋዜጣ ከሥሩ አድርጉና ጠዋት ማታ ቀይሩት። በደንብ የደረቀ ሞስ በወረቀት ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል።

9. ስም ማውጣት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሁሉንም በመልክ በመልክ ክፈሉ፦ ሞስ ሀ፣ ሞስ ለ፣ ሞስ ሐ። ስሙ ኋላ ይመጣል። የስርጭቱን ሥራ ሳይንሳዊ ስም ሳይገኝ እንኳ መጀመር ይቻላል፣ ክፍፍሉ ትክክል እስከሆነ ድረስ።

የደረቀውን ትንሽ ቆንጥራችሁ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጣል አድርጉት፣ ይዘረጋል። መጀመሪያ አበቃቀሉን እዩ። ቀጥ ብሎ ቆሞ ጉብታ የሚሠራ ነው ወይስ እየተሳበ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ምንጣፍ? ከዚያ አንዲት ቅጠል በመርፌ ነቅላችሁ መስታወት ላይ በጠብታ ውኃ አስቀምጡና ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጉ። የመሀል ጅማት አላት? እስከ ጫፉ ይደርሳል? ጠርዟ ጥርስ አለው? ሴሎቿ ረጃጅም ናቸው ክብ? ላያቸው ለስላሳ ነው ወይስ ጉብጉብ ያለ? የቅጠሉ ሁለት የታች ማዕዘኖች ላይ ያሉት ሴሎች ከሌሎቹ ይለያሉ? የስፖር ከረጢቱ ክዳን ሲነሣ አፉ ዙሪያ ያሉት ጥርሶችስ በአንድ ረድፍ ናቸው ወይስ በሁለት?

ለመለማመጃ ቀላል የሆኑት እነዚህ ናቸው። ብሪዩም አርጀንተም በየከተማው አስፋልት ዳርና የሲሚንቶ ስንጥቅ ውስጥ የሚበቅል ነው፤ በሁሉም አህጉር ይገኛል። የቅጠሎቹ ጫፍ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ከላይ ብርማ ሆኖ ያብረቀርቃል። ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካ ከሰል የተከሰለበት ወይም እሳት የነካው መሬት ላይ ቀድሞ ይወጣል፤ የከረጢቱ ዘንግ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ሲረጥብ ይፈታል። እሳት የነካው መሬት ሲገጥማችሁ እሱን ፈልጉ። ፊሲደንስ ቅጠሎቹ በሁለት ረድፍ ጠፍጠፍ ብለው ይደረደራሉ፣ እያንዳንዱ ቅጠልም ከሥሩ እንደ ኪስ ተከፍቶ ግንዱን ያቅፋል። የፖሊትራይከም ቤተሰብ ደግሞ ጠንካራና ረጅም ነው፤ ቅጠሉ ላይ በቁመት የተደረደሩ አረንጓዴ ግድግዳዎች ስላሉት በሌንስ እንኳ ወፈር ብሎ ይታያል። ጮቄ አናት ላይ ጠንካራ ድንጋይ የጨበጠ ጥቁር የመሰለ ቀይ ሞስ ካያችሁ አንድሪያ ሊሆን ይችላልና ከረጢቱን መርምሩ፤ የአንድሪያ ከረጢት ክዳን የለውም፣ በጎኑ በአራት ስንጥቅ ነው የሚከፈተው።

የቀረው ከባድ ነው። እስከ ወገን (ጂነስ) ድረስ ብቻ ከደረሳችሁ እዚያው ቁሙ። በግምት የተሰጠ የዝርያ ስም ከባዶ ቦታ ይልቅ ይጎዳል፤ ኋላ የሚመጣው ሰው አምኖ ይጽፈዋል። ናሙናችሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ኸርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ) ወስዳችሁ እዚያ ካለው ጋር ማስተያየት ጥሩ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ።

10. ቁጥሩን ማስላት

በኤክሴል አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል። አንዱ መስመር አንድ ሞስ በአንድ ኳድራት ውስጥ ነው። ዓምዶቹ ፕሎት፣ ከፍታ፣ የበቀለበት ነገር፣ የዛፍ ዓይነት፣ ከመሬት ያለው ቁመት፣ ጎን፣ ጥላ፣ ሽፋን። ከዚያ የሚወጣው ብዙ ነው።

ድግግሞሽ፦ አንድ ዝርያ ከ24 ፕሎት በ18ቱ ከተገኘ 75 በመቶ ነው። መመሳሰል፦ የሶረንሰን ቀመር ቀላሉ ነው። የጋራውን ቁጥር በ2 አባዙና ለሁለቱ ቦታዎች ድምር አካፍሉ። ለምሳሌ አንዱ ቦታ 20፣ ሌላው 15 ዝርያ ቢኖራቸውና 5ቱ የጋራ ቢሆኑ 10 ሲካፈል ለ35፣ ማለትም 0.29 ይሆናል። ወደ 1 ሲጠጋ ይመሳሰላሉ፣ ወደ 0 ሲወርድ ይለያያሉ።

ይህንን ስሌት በቦታ ብቻ ሳይሆን በበቀለበት ነገርም አስሉት። የዛፍ ሥርና የዛፍ ግንድ ስንት ይመሳሰላሉ? ድንጋይና ካብስ? ከፍታው ነው ሞሱን የሚለየው ወይስ የበቀለበት ነገር? መረጃውን በስንዝር የሰበሰበ ሰው ይህን መመለስ ይችላል፣ በሄክታር የሰበሰበ ግን አይችልም።

ሌላው ጥያቄ ስንት አመለጠን የሚለው ነው። አንድ ፕሎት ላይ ብቻ የተገኙትን ዝርያዎች ቁጠሩ። ጃክናይፍ የሚባለው ግምት እነሱን ይጠቀማል፦ በ10 ፕሎት 30 ዝርያ አግኝታችሁ 8ቱ እያንዳንዳቸው አንድ ፕሎት ላይ ብቻ ቢሆኑ፣ 8ን በ9 አባዝታችሁ ለ10 ስታካፍሉ 7.2 ይመጣል፤ በ30 ላይ ሲደመር 37 ገደማ ነው። ሰባት ያህል ዝርያ ገና አላያችሁም ማለት ነው፣ ቢያንስ። ፕሎት በጨመራችሁ ቁጥር አዲስ ዝርያ መምጣቱን እያቆመ ከሄደ ጥሩ ነው። እየጨመረ ከሆነ ግን ሥራው አላለቀም፣ ስንቅ ያዙና ተመለሱ።

ካርታ ስትሠሩ የተገኘበትን ነጥብ ብቻ ሳይሆን ተፈልጎ ያልተገኘበትንም ነጥብ አስቀምጡ። ባዶ ካርታ «የለም» ይሁን «አልተሄደም» አይናገርም።

11. የት ይቀመጥ፣ ለማን ይሰጥ

ከእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ጥሩ ፓኬት ለብሔራዊ ኸርባሪየም፣ ሁለተኛው ለምትሠሩበት ዩኒቨርሲቲ። ፎቶና ነጥቡን አይናቹራሊስት በሚባለው የተፈጥሮ ፎቶ መጋሪያ መተግበሪያ ላይ ብትጭኑ የሌላ አገር የሞስ ሰዎች ያዩታል፤ ብርቅ የሆነውን ትክክለኛ ቦታ ግን ደብቁት፣ መተግበሪያው ይፈቅዳል።

ለቢሮው በእንግሊዝኛ ወፍራም ሪፖርት ሰጥቶ መሄድ የተለመደ ነው፣ ማንም ግን አያነበውም። ከሱ ጋር ሁለት ገጽ በአማርኛ ጨምሩበት፦ ካርታ፣ ፎቶ፣ ሞስ በብዛት የተገኘባቸው ዛፎችና ድንጋዮች የት የት እንዳሉ፣ ማገዶ ለቀማው የትኛውን የበሰበሰ ግንድ እንደሚነካ። ለገዳሙም አንድ ቅጂ አድርሱ፣ ካቡ ሊታደስ ሲታሰብ ሞስ የያዙት ድንጋዮች ፊታቸውን ወደ ውጭ እንደያዙ ቢመለሱ ጥሩ እንደሆነ ጨምራችሁ ንገሯቸው። ፕሎቶቹ ጥግ ላይ ያደረጋችሁትን ምልክትና የጂፒኤስ ቁጥሮቹን ለመንገድ መሪያችሁም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚለካ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው።